ከአንድ ውሃ የተወለድን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዛሬው ዕለት የምንነግራችሁ ነገር ከልጅነታችሁ ጀምሮ በጆሮአችሁ የኖረ ነው፤ ይኸውም ስለ ዳግም ልደት ነው። የታወቀ ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ ሳይመረመር ይኖራል። ሰው በየቀኑ የሚሻገረውን ወንዝ ጥልቀቱን አይለካም፤ ውሃው የሞላ ዕለት ግን ሳይወድ በግድ ይለካዋል።

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ወደ ጋይንት የሚሄድ መንገደኛ በጉና ተራራ ግርጌ ሲያልፍ ገሳይን ያገኛል። አገሩ ደጋ ነው፤ ገብስና ድንች የሚበቅልበት፣ ጠዋት ጠዋት ጉም የሚተኛበት፣ ሰው ጋቢውን ደርቦ ከቤቱ የሚወጣበት አገር ነው። ከጉና የሚነሡት ርብና ጉማራም ቍልቍል ወርደው ሜዳውን አጠጥተው ጣና ይገባሉ። በዚያ አገር አንድ ሰው አግኝታችሁ ስሙን ብትጠይቁት እናቱ ያወጣችለትን ስም ይነግራችኋል። የክርስትና ስሙን ብትጠይቁት ግን ጥቂት ያስባል፤ አንዳንዱም ፈገግ ብሎ ዝም ይላል፤ ያ ስም ለገበያ የሚወጣ ስም አይደለምና። የሚያውቀው የንስሐ አባቱ ነው፤ የሚጠራበትም ሲቆርብ፣ ጸሎት ሲደረስለት፣ በመጨረሻም ሬሳው ተገንዞ ፍትሐት ሲደረግለት ነው።

እንግዲህ እኛ ሁለት ስም ያለን ሕዝብ ነን። አንዱ ስም በማን ቤት እንደ ተወለድን ይናገራል፤ ሁለተኛው ስም ደግሞ እንደገና ከማን እንደ ተወለድን ይመሰክራል። አንድ ሰው “አንተ ማን ነህ?” ተብሎ ሲጠየቅ ከሁለቱ በየትኛው ይመልሳል? ይልቁንም ደግሞ ጎረቤቱን ሲያይ ከሁለቱ በየትኛው ስም ያየዋል? የዛሬው ነገራችን ይህ ነው።

ኒቆዲሞስ የአይሁድ አለቃ፣ የኦሪትም መምህር ነበረ። በሌሊት ወደ ጌታችን መጥቶ በተነጋገረ ጊዜ፣ ጌታችን ከውሃና ከመንፈስ ዳግመኛ ያልተወለደ ሰው ወደ እግዚአብሔር መንግሥት ሊገባ እንደማይቻለው አስተማረው። ሽማግሌውም ሰው ካረጀ በኋላ ወደ እናቱ ማኅፀን እንዴት ሊመለስ ይችላል ብሎ ተቸገረ። ብዙ ሰው ይህን የኒቆዲሞስን ጥያቄ ሲሰማ ይስቃል። እኛ ግን አንስቅም። ኒቆዲሞስ የአብርሃም ዘር ነበረ፤ ሀብቱም ክብሩም ተስፋውም የመጀመሪያው ልደቱ ነበረ። ለእንደዚህ ያለ ሰው ዳግመኛ ተወለድ ብሎ መናገር፣ የቆጠርከው ዘር አያደርስህም ብሎ መናገር ነው። ስለዚህ የቸገረው ማኅፀኑ ብቻ አይመስለንም፤ ዘሩንም መልቀቁ ነው።

የቤጌምድር ሰው ከማንም ይልቅ ኒቆዲሞስን ሊረዳው ይገባ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ እስኪወጣ ድረስ በዚያ አገር ርስት የሚገኘው በትውልድ ነበረና። ሰውየው በአባቱም በእናቱም በኩል ቤት እየቆጠረ ወደ አቅኚው አባት ይደርሳል፤ መድረሱንም በዳኛ ፊት ያስረዳል፤ ሽማግሎችም ይመሰክሩለታል። ልጆች ፊደል ሳይቆጥሩ አያት ቅድመ አያታቸውን ይቆጥሩ ነበር፤ ቆጠራው ከጠፋ እርሻው ይጠፋልና። “ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ” የተባለውም ስለዚህ ነው። ስንት ወንድማማች በዚህ ቆጠራ ተጣልቶ ዓመት ሙሉ በችሎት ተመላልሷል፤ ስንቱስ በድንበር ምክንያት ደም ተቃብቶ ቀርቷል። ቆጥሮ የማይደርስ ሰው ደግሞ በሰው መሬት እየሠራ የሚኖር፣ በማኅበርም መካከል ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነበረ።

መጻሕፍት ግን መንግሥተ ሰማያትን ራሷን ርስት ብለው ይጠሯታል። የቃሉን ክብደት እንደ አባቶቻችን የሚያውቀው የለም። ታዲያ ወንጌላዊው ዮሐንስ በመጀመሪያው ምዕራፍ የዚህች ርስት ወራሾች ከሥጋ ፈቃድ፣ ከወንድም ፈቃድ ያልተወለዱ፣ ከእግዚአብሔር የተወለዱ መሆናቸውን ሲያስተምር፣ ለባለ ርስቱ ሰው ምን እያለው እንደ ሆነ አስቡት። በዚህች ርስት ላይ አቅኚው አባት አንድ ክርስቶስ ነው፤ ወደ እርሱም ሲቆጠር ሁሉ ሰው አንደኛ ቤት ነው። ሁለተኛ ቤትና ሰባተኛ ቤት የለም። ባለጸጋው የሚቀርብበት፣ ድኻው የሚርቅበት መንገድ የለም።

ይህም ልደት የሚፈጸምበትን ሥርዓት ሁላችሁም አይታችኋል፤ ነገር ግን በራሳችን ላይ በተፈጸመ ጊዜ ሕፃናት ስለ ነበርን አናስታውሰውም። ወንዱ በ40 ቀን፣ ሴቲቱ በ80 ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያን ይመጣሉ፤ በመጽሐፈ ኩፋሌ እንደ ተነገረው አዳም ወደ ገነት የገባው በ40 ቀን፣ ሔዋንም በ80 ቀን ነበረና፣ ልጅ ሁሉ ወላጆቹ ወደ ወጡባት ገነት ተመልሶ የሚገባበት ቀን ነው። የክርስትና አባቱ ሕፃኑን ይዞ ወደ ምዕራብ ዞሮ ስለ እርሱ ሰይጣንን ይክዳል፤ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ክርስቶስን ያምናል። ካህኑም በተባረከው ውሃ በሥላሴ ስም ሦስት ጊዜ ያጠምቀዋል፤ ከዚያ በኋላ 36 ቦታ በቅዱስ ሜሮን ይታተማል፤ በአንገቱም ማተብ ይታሰርለታል። ወዲያው ሥጋውን ደሙን ይቀበላል። ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ ይህን ውሃ መቃብር ያደርገዋል፤ ሊቃውንት ደግሞ ማኅፀን ይሉታል። ሁለቱም እውነት ነው። አሮጌው ሰው በዚያ ይቀበራል፤ አዲሱም ሰው ከዚያው ይወለዳል። አባቶቻችን ሀብተ ወልድና ስመ ክርስትና ብለው የሚጠሩት ይህ ነው፤ አንደኛው ልጅ የመሆን ጸጋ ሲሆን ሁለተኛው ልጅነቱ የሚጠራበት ስም ነው።

አገራችን ይህን የልጅነት መለወጥ በንጉሥዋ ላይ አይታዋለች። በ4ኛው መቶ ዓመት የነገሠው ኢዛና በመጀመሪያ ባስቀረጻቸው የድንጋይ ጽሕፈቶች ራሱን ማኅረም የሚባለው የጦር አምላክ ልጅ እያለ ይጠራ ነበር። በኋላም፣ እስክንድርያ ወርዶ በቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ጵጵስና ተቀብሎ የተመለሰው ፍሬምናጦስ፣ እኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለው፣ ባስተማረው ትምህርት አምኖ የሰማይን ጌታ አመሰገነ፤ በገንዘቡም ላይ በጨረቃው ምልክት ፈንታ መስቀልን አስቀረጸ። ያው ሰው ነው፤ ዙፋኑም ያው ነው። የተለወጠው የማን ልጅ ነኝ የሚለው ነገር ነው።

ወደ ደብረ ታቦር እንመለስ። ከተማይቱ ራስዋ የጌታችን መልክ የተለወጠበትን ተራራ ስም ተሸክማ የምትኖር ናት፤ በየዓመቱ ነሐሴ 13 ቀን ልጆች ጅራፍ ሲያጮኹ፣ ችቦ ሲበራ፣ ሙልሙል ሲታደል የምታከብረው በዓል በስምዋ የተጠራ በዓል ነው። በዚያች ከተማ የነገሡት አጼ ቴዎድሮስ በመጀመሪያ ስማቸው ካሣ ኃይሉ ነበሩ። ጠላቶቻቸው የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ይሰድቧቸው ነበር። በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ዘውድ ሲጭኑ፣ በፍካሬ ኢየሱስ ይመጣል ተብሎ የተጠበቀውን የጻድቁን ንጉሥ ስም ወስደው ቴዎድሮስ ተባሉ። እኛ እንደሚመስለን የዚያን ስድብ ቁስል የሚሽር ስም ፈልገው ነበር። ስሙም ታላቅ ነበረ፤ ሐሳባቸውም ታላቅ ነበረ፤ የተበታተነችውን አገር አንድ ለማድረግ የተነሡ ናቸው። ነገር ግን በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ከነአድባራትዋ ያስዘረፉና ያቃጠሉ፣ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ሲለቁም ከተማይቱን በእሳት ያጠፉ እርሳቸው ናቸው። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 6 ቀን በመቅደላ በራሳቸው እጅ ሲሞቱ የፋሲካ ማግስት ነበረ። እኛ በንጉሡ ልንፈርድባቸው አልተነሣንም፤ ፈራጁ ሌላ ነው። የምንለው ይህን ብቻ ነው፤ ዘውድ አዲስ ስም ይሰጣል፤ አዲስ ልብ መስጠት ግን ከዘውድ ኃይል በላይ ነው። ማጥመቅ በትእዛዝ ሲሆንም እንዲሁ ነው። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ብዙ የወሎ እስላሞች እንዲጠመቁ ተገደዱ፤ ውሃው ፈሰሰ፤ ስሙም ወጣ፤ ግን ብዙዎቹ በልባቸው በነበሩበት ቀሩ። መንፈስ ቅዱስ በሰይፍ ታጅቦ አይመጣምና ይህ ሊያስደንቀን አይገባም።

ስለ አጼ ቴዎድሮስ ከተናገርን አይቀር ስለ ጋፋትም ጥቂት እንበል። ጋፋት ከደብረ ታቦር አጠገብ ናት። በዚያ ንጉሡ ከአውሮጳ የመጡትን ባለ እጆች አስቀምጠው መድፍ አስቀልጠዋል፤ ሴባስቶፖል የተባለውና ወደ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነው መድፍ የተሠራው በዚያ ነው። ወደ መቅደላ ሲጎተትም ንጉሡ ከወታደሩ ጋር ቆመው መንገድ ይጠርጉ ነበር። ብረት የሚያቀልጥ ሰው በንጉሥ ዘንድ የተከበረበት ቦታ ቢኖር ጋፋት ነበረች። ከጋፋት ጥቂት ርቆ፣ በዚያው ደጋ፣ ለዘመናት ማረሻና ማጭድ ሲሠራ የኖረው የአገሩ ቀጥቃጭ ግን ምን ተብሎ ይጠራ ነበር? ቡዳ ተብሎ ነው።

ይህን ስንል ቅር የሚለው አድማጭ እንደሚኖር እናውቃለን። “ይህ የድሮ ነገር ነው፤ ምን ያነሣሣዋል?” የሚል ይኖራል። የድሮ ነገር ብቻ ቢሆን እኛም ደስ ባለን። ቀጥቃጩ፣ ፋቂው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ሸማኔው ማታ ወደ ጅብነት ይለወጣሉ፤ ዓይናቸው ሰው ይበላል፤ ከእነርሱ ጋር መጋባትና አብሮ መብላት አይገባም የሚለው ወሬ በብዙ ቤት ውስጥ እስከ ዛሬ በሹክሹክታ ይነገራል። ዳግማዊ አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብ እንዲቀር ዐዋጅ አስነግረው ነበር። መቶ ዓመት አለፈው። ዐዋጅ አፍን ይዘጋል፤ የሰርግ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት “ዘሩ ምንድን ነው?” እያለ የሚያንሾካሹከውን ልብ ግን ሊዘጋው አልቻለም።

ነገሩ ባልተጠመቀ ሰውም ላይ ቢሆን ኃጢአት ነው። ቤተ እስራኤል የተባሉት ወገኖቻችን በጎንደር አገር ብረት እየቀጠቀጡ፣ ሸክላ እየሠሩ ሲኖሩ ይኸው ስድብ ደርሶባቸዋል፤ እነርሱም በእግዚአብሔር አርአያ የተፈጠሩ ናቸው። በተጠመቀ ሰው ላይ ሲሆን ግን ነገሩ ከኃጢአትም አልፎ ክህደት ይሆናል። የምንከሰው እኛው በአደባባይ የመሰከርነውን ነውና። በአንድ ጥምቀት እናምናለን ብለን በቅዳሴ እንመሰክራለን፤ ከቅዳሴ ወጥተን በሰንበቴው ቤት አንዱን ወንድማችንን በር ላይ አስቀምጠን በተለየ ቅል እንሰጠዋለን። ውሃው ነው ወይስ ቃሉ ነው ያላጠራው?

ሐዋርያው ጴጥሮስም በዚህ ነገር ተፈትኖ ነበር። በአንጾኪያ ከአሕዛብ ወገን ካመኑት ጋር አብሮ ሲበላ ቆይቶ፣ ከኢየሩሳሌም ሰዎች በመጡ ጊዜ ፈርቶ ከማዕዱ ገሸሽ አለ። ልብ በሉ፤ ጴጥሮስ ትምህርቱን አልለወጠም፤ ቆርኔሌዎስን ያጠመቀ እርሱ ነው። የተወው ማዕዱን ብቻ ነው። ጳውሎስ ግን ይህን ትንሽ ነገር አላለውም፤ በሰው ሁሉ ፊት ገሠጸው እንጂ። ማዕድ ላይ የሚካድ ወንጌል በመቅደስ ቢነበብ ምን ይጠቅማል ብሎ እንደ ሆነ እንረዳለን። ይኸው ጳውሎስ በእስር ቤት ሳለ አናሲሞስ የሚባለውን ከጌታው የኮበለለ ባሪያ በወንጌል ወለደው፤ ወደ ጌታው ወደ ፊልሞና ሲልከውም ከእንግዲህ እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ተወደደ ወንድም እንዲቀበለው ለመነው። ይህች መልእክት ከጳውሎስ መልእክቶች ሁሉ አጭሯ ናት፤ ባለቤቶችና ጌቶች የሆኑ ሰዎች ግን እንደ እርስዋ የሚከብዳቸው መልእክት ያለ አይመስለንም።

የእጅ ሥራ ነውር ነው የሚልም ካለ ኦሪት ዘጸአትን ይመልከት። ሙሴ ድንኳኑን ሲሠራ እግዚአብሔር ባስልኤልን በስሙ ጠርቶ በወርቅ፣ በብርና በናስ እንዲሠራ የእግዚአብሔርን መንፈስ እንደ መላበት ተጽፎአል። ጳውሎስ ድንኳን እየሰፋ ይበላ ነበር። ጌታችንም ወደ አገሩ ወደ ናዝሬት ገብቶ ባስተማረ ጊዜ፣ ሰዎቹ የእንጨት ሠራተኛ ልጅ ነው ብለው ናቁት፤ ስለ አለማመናቸውም በዚያ ብዙ ተአምር አላደረገም። ባለ እጅን ከማዕዱ የሚያርቅ ሰው የናዝሬትን ሰዎች ፈለግ እንደ ተከተለ ይወቀው።

አሁን በእኛ በራሳችን ላይ የደረሰውን እንንገራችሁ። በልጅነታችን ከደብረ ታቦር ወዲያ በአንዲት ደብር ዳዊት የምንደግም፣ ደበሎ የለበስን፣ አኩፋዳ የተሸከምን ተማሮች ነበርን። ደብሩን በስሙ አንጠራውም። መምህራችን የኔታ ዓይነ ስውር ነበሩ። ቅኔያቸው የሰላ፣ ቁጣቸውም እንደዚያው የሰላ ሰው ነበሩ፤ በትሩን የሚያነሡት ድምፅ ሰምተው ነው፤ ሲስቱ ግን አላየንም።

በአንድ ክረምት፣ በእሑድ ቀን፣ ሁለት ሕፃናት ለክርስትና መጡ። አንደኛው የአገሩ ባለ ርስት የአንድ ትልቅ ሰው የልጅ ልጅ ነው፤ ሁለተኛው ከወንዙ ማዶ ብቻውን ሰፍሮ የሚኖር ቀጥቃጭ ልጅ ነው። የአገሩ ማረሻ ሁሉ በዚህ ሰው እጅ ያልፍ ነበር። ገበሬው በሰኔ መጀመሪያ ከደጁ ሄዶ፣ ራቅ ብሎ ቆሞ፣ ወናፉ ሲነፋ እያየ ይጠብቃል፤ ማረሻውን ይቀበላል፤ ከቤቱ ውሃ እንኳ አይጠጣም። ለቀጥቃጩ ልጅ የክርስትና አባት እንዲሆን የታሰበው ከሌላ አጥቢያ የሚመጣ ዘመዱ ነበረ። ሌሊቱን ዝናም ጥሎ ወንዙ ሞልቶ ስለ ነበረ ዘመዱ ሳይመጣ ቀረ። ዲያቆኑ ወጥቶ “ይህን ሕፃን የሚያነሣ ማን ነው?” ብሎ ጠየቀ። በቅጽሩ ውስጥ የነበሩት ወንዶች መሬት መሬቱን ያዩ ጀመር። እናቲቱ ልጅዋን ታቅፋ እንደ ቆመች ቀረች።

የኔታ ከቤተ ልሔሙ ጥግ ተቀምጠው ነበር። “ምን ሆናችሁ ዝም አላችሁ?” አሉ። ነገሩን በጆሮአቸው ነገርናቸው። በትራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ፤ እጃቸውንም ዘርግተው “አምጡት” አሉ። ወደ ምዕራብ እኛ አዞርናቸው፤ ወደ ምሥራቅም እኛ አዞርናቸው፤ ሰይጣንን ሲክዱ ግን ድምፃቸው ከባለ ርስቱ ወገን ከቆመው ሰው ድምፅ ይልቅ ይሰማ ነበር። ሁለቱ ሕፃናት በአንድ ዕለት፣ በአንድ ውሃ፣ በአንድ ካህን እጅ ተጠመቁ። የክርስትና ስማቸውም በዕለቱ ቅዱስ ስም ስለ ወጣ አንድ ስም ሆነ። ስሙን አሁን አንጠራውም፤ ሁለቱም እስከ ዛሬ በሕይወት አሉና። የኔታ ሲመለሱ “ሁለቱም ሲያለቅሱ ሰማሁ፤ የትኛው የማን ልጅ እንደ ሆነ በድምፅ ለመለየት ሞከርሁ፤ አቃተኝ” ብለው ሳቁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ግን የሚያስቅ አልነበረም። በሳምንቱ “በእንተ ስማ ለማርያም” እያልን በየደጁ ብንቆም በሩ አልከፈት አለ። አንዲት ሴት ወይዘሮ፣ እንደ እናት የምታበላን የነበረች፣ “የኔታ ከቀጥቃጩ ጋር ተዛምደው የለም ወይ? እዚያ ሂዱ፤ ዘመዶቻችሁ ያብሉአችሁ” ብላ መለሰችን። ሌላው ውሻውን ለቀቀብን። ሦስት ሳምንት ያህል በጎመንና በቆሎ ጥሬ ቆየን። ክረምት የተማሪ የረኀብ ወራት መሆኑን የተማረ ያውቀዋል። እኛም እርስ በርሳችን አጉረመረምን፤ በመጨረሻም ከመካከላችን ታላቅ የሆነውን አስቀድመን ወደ የኔታ ገባን።

“የኔታ፣ ይቅር ይበሉንና፣ ዘመዱ ከመጣ ልጁን ለእርሱ ቢለቁለት ምናለበት? እኛም አልቻልንም፤ እርስዎም እየተጎዱ ነው” አልናቸው።

የኔታ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለን ነበር። “ልጆቼ” አሉ፤ “ያ ሕፃን ተጠምቆ፣ በሜሮን ታትሞ፣ ሥጋውን ደሙን ተቀብሎ፣ ከዚያ በኋላ ያልለቀቀው ቡዳ ካለ፣ እናንተንም እኔንም ያልለቀቀን ብዙ ነገር አለ ማለት ነው። እንዲያ ከሆነ ማናችንም ገና አልተጠመቅንም። ይህን ሄዳችሁ ለአገሩ ሰው ንገሩልኝ።” እኛም አልነገርንም፤ ፈራን።

ከጥቂት ቀን በኋላ የቀጥቃጩ ሚስት መራባችንን ሰምታ ኖሮ ትኩስ የገብስ ዳቦ በመሶብ ይዛ ከየኔታ ጎጆ ደጅ መጣች። ልጅዋን በጀርባዋ አዝላ ነበር። ገብታ አልተቀመጠችም፤ ከደጃፉ አኑራው፣ የየኔታን ጉልበት ስማ ሄደች። የኔታ ዳቦውን ባርከው ቆረሱ፤ ራሳቸው በሉ፤ ለእያንዳንዳችንም በእጃችን አደሉን። “ቅረቡ፤ ብሉ” አሉን። ሽታው ጎጆውን ሞልቶት ነበር። ሆዳችን ይጮኽ ነበር። ተያየን። አንዱ አኩፋዳው ውስጥ ከተተው፤ ሌላው በደበሎው ሥር ሸሸገው፤ ከዚያም አንድ በአንድ እየወጣን ለደጅ ውሻ ጣልንለት። የኔታ ዓይነ ስውር ናቸው፤ አያዩንም ብለን ነው።

ውሻው ዳቦውን ሲቆረጥም ይሰማ ነበር። የኔታ ጆሮአቸውን አዘንብለው ጥቂት ቆዩ። “ውሻው ምን አገኘ?” አሉ። መልስ የሰጠ የለም። ውሻውም በልቶ ጨርሶ፣ አፉን ልሶ፣ ጅራቱን እያወዛወዘ ከእግራችን ሥር መጥቶ ተኛ፤ ምንም አልሆነም።

የኔታ በትሩን አላነሡም። በዝናሙ ድምፅ ውስጥ ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፣ “እስቲ የክርስትና ስማችሁን ንገሩኝ” አሉ። “በየተራ፤ ከታላቁ ጀምራችሁ።”

መሸት ብሎ ነበር፤ እሳቱም አልነደደም። አንድ በአንድ ተናገርን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።